ሞኖከሲ፦ ባሩድ ያልደፈረው፣ ውሃ የተፈታተነው ድልድይ

አጎቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ምን እንደማሳያቸው ጨነቀኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ሞል ውስጥ አሥር ደቂቃ አይቆዩም። ዋሽንግተን ወስጄ ያንን ረጅም ሐውልት አሳየኋቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ «መሃል ላይ ድንጋይ ቀይረዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ሲቀጥል እብነ በረዱ ከሌላ ቦታ መጣ። የቀለሙ ልዩነት እስከ ዛሬ ይታያል። እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ሞኖከሲ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ብትነሱ አንድ ሰዓት አይሞላም። በ28 ቁጥር መንገድ ወደ ዲከርሰን ትሄዳላችሁ። ከዚያ ትገነጠሉና ዛፍ ውስጥ ትገባላችሁ። መንገዱ ሲያልቅ የሞኖከሲ ወንዝ ከትልቁ ፖቶማክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ትደርሳላችሁ። እዚያ ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ ተኝቷል። ለመኪናም ለባቡርም የተሠራ አይደለም። ለውሃ ነው። በአንድ ወቅት ከታች ወንዝ፣ ከላይ ደግሞ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ነበረ።

አጎቴ ከመኪና ወርደው ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ «ይሄስ የሰው ሥራ ነው» አሉ።

(ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ቦዩ

ድልድዩ የአንድ ትልቅ ሕልም ቁራጭ ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ይባላል። ሐሳቡ ከጆርጅታውን ተነስቶ፣ ፖቶማክን ተከትሎ፣ ተራራውን አቋርጦ ኦሃዮ ወንዝ መድረስ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ራሳቸው አካፋ ይዘው ቁፋሮውን ሊያስጀምሩ ወጡ። አካፋው የዛፍ ሥር መታና አልገባም ብሎ ነጠረ። ደጋግመው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ኮታቸውን አውልቀው ጣሉና እንደገና ገጠሙት። ሕዝቡ በጭብጨባ አቀለጠው።

ሰዎቹ ያን ቀን ልብ ያላሉት ሌላ ነገር ነበር። በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር የመሠረት ድንጋይ እየተጣለ ነበር። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ለመድረስ ተነሱ። ባቡሩ «ከምበርላንድ» የምትባል ከተማ በ1842 ገባ። ቦዩ እዚያው ከተማ የደረሰው በ1850 ነው፤ ከዚያም ወዲያ አልሄደም። ኦሃዮን ሳያይ ቀረ። 184.5 ማይል፣ ማለትም 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ቆመ።

በዚያ ርቀት ላይ መንገዱን የሚያቋርጡ ገባር ወንዞች አሉ። ቦይ ደግሞ እንደ መንገድ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ አይወጣም። ውሃው ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ጀልባውን ወደ ወንዙ አውርዶ፣ አሻግሮ፣ መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። ግን ወንዙ በሞላ ቁጥር ሥራ ይቆማል። ስለዚህ አሥራ አንድ የውሃ ድልድይ ሠሩ። ከአሥራ አንዱ ትልቁ ይሄ ነው። 516 ጫማ ይረዝማል፤ 157 ሜትር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቅስት 54 ጫማ፣ ወደ 16.5 ሜትር ይዘረጋል። ንድፉ የቦዩ ዋና መሐንዲስ የነበረው የቤንጃሚን ራይት ነው፤ ቀደም ሲል የኢሪ ቦይን የሠራው ሰው።

ሆዱን ስናየው

ወንዙ ዳር ወርደን ከሥር አየነው። ቅስቶቹ ከፍ ብለው የወጡ አይደሉም። ዝቅ ያሉ፣ ለጠጥ ያሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ቅስት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም አጥብቆ ይገፋል። አጎቴ ይሄን በቃል አላስረዱኝም። ሁለት መዳፋቸውን አገጣጥመው ክርናቸውን ወደ ውጭ ለቀቁት። «አየህ? ጎኑን ካልያዙለት ይዘረጋል።» መሃል ያሉት ቅስቶች እርስ በርስ ተገፋፍተው ይተያያዛሉ። ስድስቱ ምሰሶዎች ክብደቱን ወደ ወንዙ ወለል ያወርዳሉ። ዳር ያሉት ሁለቱ ግንቦች ደግሞ የሁሉንም ግፊት ተሸክመው መሬት ላይ ይደገፋሉ። ችግሩም እዚያው ነው። አንዱ ቅስት ከወደቀ ጎረቤቱ የሚደገፍበት ያጣል።

ከላይ ሁለት ወፍራም ግድግዳ አለ። በመሃላቸው ያለው ክፍት ቦታ፣ ወደ 6 ሜትር ስፋት ያለው፣ ውሃው የሚሄድበት ገንዳ ነው። ጀልባዎቹ ወደ 4.4 ሜትር ስፋት ነበራቸው። ስለዚህ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አያልፍም፤ አንዱ ይጠብቃል። በፖቶማክ በኩል ያለው ግድግዳ ሰፋ ያለ ነው፤ በቅሎ የሚሄድበት እሱ ላይ ነው። አዎ፣ በቅሎ። ከመቶ ቶን በላይ ከሰል የጫነ ጀልባ በረጅም ገመድ የምትጎትት በቅሎ።

አጎቴን የከነከናቸው ይሄ ነበር።

«ውሃው ራሱ ክብደት አለው። እሱ ላይ መቶ ቶን ሲጨመርበት እንዴት ቻለ?»

«አይጨመርበትም እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ጀልባው ሲገባ የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ገፍቶ ያስወጣል። ውሃው ከገንዳው ወጥቶ በቦዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይበተናል። ድልድዩ ላይ የሚያርፈው ያው ነው።»

ትንሽ አሰቡበት። «እስከ አፉ በሞላ ባልዲ ላይ ጣሳ እንደምታንሳፍፈው?»

«በቃ እሱ ነው።»

መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ድልድይ የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል። የባቡር ድልድይ ባቡር በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ይሄ ግን ቦዩ ውሃ እስካለው ድረስ ሁሌ አንድ ዓይነት ሸክም ነው የሚሸከመው። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በእኔ ግርድፍ ስሌት፣ ውሃው 1.8 ሜትር ጥልቀት ካለው አንዱ ቅስት ብቻ ወደ 180 ቶን ውሃ ይይዛል። ግን አይለዋወጥም።

የድንጋዩ ጣጣ

ስለዚህ ድልድይ ለመጻፍ የመረጥኩት በቁመቱ ወይም በርዝመቱ አይደለም። ገና ሲጀመር በተወሰነች አንዲት ውሳኔ ነው።

ሥራው በ1829 ተጀመረ። የመጀመሪያው ተቋራጭ ሆቪና ሂችኮክ የተባለ ነበር። ድንጋዩ ከሹገርሎፍ ተራራ ሥር ይወጣ ጀመር። ተራራውን ከድልድዩ አካባቢ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ በሜዳው መሃል ብቻውን ጉብ ያለ ነው። ግን ቀድሞ የተከፈተው የድንጋይ ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) ጥሩ ድንጋይ አልነበረውም። የሚሠሩትም የሚቆጣጠሩትም ድንጋዩ ደካማ እንደሆነ የተረዱት ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ግንብ ላይ የሠራ ሰው የሚያውቀው ቅጽበት ነው። ግማሹ ቆሟል። ገንዘብ ወጥቷል። ድንጋዩ ደግሞ ልክ አይደለም። ሁልጊዜ «በቃ እንለስነው፣ ማን ያየዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። አጎቴ ይሄን ስነግራቸው ሳቁ። «ማልታ ወፈር አድርገህ ትደብቀዋለህ» አሉ። ማልታ የሚሉት ድንጋይ ከድንጋይ የሚያያይዘውን ቡኮ ነው። «እኔም አድርጌ አውቃለሁ። የአጥር ግንብ ላይ።»

እነዚህ ሰዎች ግን አፈረሱት። መጥፎ ድንጋይ የገባበት ሥራ ተነቅሎ ወጣ። ሌላ ካባ እዚያው ሹገርሎፍ አካባቢ ተከፈተ፤ ከድልድዩ ወደ አራት ማይል ርቀት ላይ። ከዚያ የወጣው ነጭና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንደ መስታወት ጠንካራ የሆነ ድንጋይ ነው። አሸዋ በሚሊዮኖች ዓመት ተጨፍልቆ የሚፈጥረው ዓይነት። ለመጥረብ የሚያስለቅስ ነው። ድንጋዩን ወደ ወንዙ ለማድረስ ጊዜያዊ ሐዲድ ዘረጉ። የባቡር ባላንጣ የሆነው ቦይ ትልቁን ድልድዩን የሠራው በሐዲድ ነው ማለት ነው። እኔ ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

ማልታውም እንደ ዋዛ አልተመረጠም። ተራ ኖራ ውሃ ውስጥ በቅጡ አይጠነክርም፤ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ከላይ ወንዙ ዳር ካለችው ሼፐርድስታውን የተፈጥሮ ሲሚንቶ መጣ። የተወሰነ ዓይነት ድንጋይ ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል።

ማፍረሱ ዋጋ አስከፈለ። ተቋራጭ በተቋራጭ ተተካ። የጨረሱት ሦስተኛዎቹ፣ በርንና ለባሮን የተባሉት ናቸው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በ1832 ደግሞ ኮሌራ በቦዩ ሥራ ላይ ወርዶ ሰው ጨረሰ። ይባስ ብሎ ቦዩና ባቡሩ ከዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ ፖይንት ኦፍ ሮክስ በሚባል ጠባብ ቦታ «መሬቱ የኔ ነው» ተባብለው ፍርድ ቤት ቆመው ነበር። ቦዩ የረታው በ1832 ነው። እስከዚያ ድረስ ድልድዩን የሚሠሩት ሰዎች ከድልድዩ ማዶ ቦዩ የት ድረስ እንደሚሄድ እርግጠኛ አልነበሩም። ዝም ብለው ደረደሩ። በ1833 አለቀ። የወጣበት 127,900 ዶላር ነው።

አጎቴ ወደ ምሰሶው ተጠጉ። ከኪሳቸው ቁልፋቸውን አወጡና ድንጋዩን ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠጉ። ጥሩ ድንጋይ ይጮሃል፣ የታመመ ድንጋይ ዱብ ይላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሉት እሰማለሁ። ጥፍራቸውን በሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ ላይ ሊያስገቡ ሞከሩ።

«አይገባም» አሉ።

1862

ይቺን ነገር ከአጎቴ በፊት የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ግን በዲጂኖና በባሩድ ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሴፕቴምበር 1862 የደቡቦቹ ጄኔራል ሊ ጦር ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ ገባ። ቦዩ ለዋሽንግተን ከሰልና እህል ያመላልስ ነበር። ይሄ ድልድይ ከፈረሰ ቦዩ ለብዙ ወራት ይቆማል። መጀመሪያ የጄኔራል ዲ. ኤች. ሂል ሰዎች መጡ። በቂ መሣሪያም ባሩድም አልነበራቸውም። በአቅራቢያው የውሃ በር ጠባቂ የነበረ ሰው ድልድዩን ትተው የቦዩን አፈር ዳር እንዲቆርጡ አሳመናቸው ይባላል። ድልድዩን ያዳነ ሰው ነው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ጠላትን መከረ ተብሎ ከሥራው ተባረረ። የአካባቢው ሰው አቤቱታ ጻፈለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሊ ራሱ ጄኔራል ጆን ዎከርን «ሂድና አፍርሰው» ብሎ ላከው። ሰዎቹ ማታ ደርሰው ባሩድ የሚቀብሩበት ቀዳዳ ሊበሱ ሞከሩ። መሰርሰሪያቸው ደነዘ። ዎከር በኋላ ሲናገር ግንቡ አንድ ወጥ ድንጋይ የሆነ ያህል መያያዙን፣ የዲጂኖ ጫፍ የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ እንዳላገኙ ተናገረ። ድንጋዩን «ግራናይት» ነው ያለው። ግራናይት አይደለም። ግን በጨለማ ጠላት እየጠበቀ ድንጋይ ሲበሳ ላደረ ሰው ስሙ ምን ያደርግለታል?

በዚያው ሰሞን፣ ከዚህ ወደ ላይ በዚሁ በሞኖከሲ ወንዝ ላይ የነበረውን የባቡር የብረት ድልድይ አፈነዱት። እሱ እሺ ብሎ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ የተነቀለው መጥፎ ድንጋይ እዚያው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይሄኛውም እንደዚያው የሚሆን ይመስለኛል። ማረጋገጥ አይቻልም፤ ግን የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። ድልድዩ የዳነው በ1862 ሳይሆን ካባው በተቀየረ ቀን ነው።

ውሃ

ጦር ያቃተውን ውሃ ሞከረው። ሁለት ዓይነት ውሃ።

አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ነው። ወንዙ ሲሞላ ብቻውን አይመጣም። ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ያመጣል። ስድስት ምሰሶ ደግሞ ወንዝ መሃል እንደ ማበጠሪያ ነው፤ ሁሉንም ይይዛል። ዛፍ ላይ ዛፍ ይከመራል፣ ውሃው ከኋላው ያብጣል፣ ግድግዳውን ይገፋል። በ1889 ትልቅ ጎርፍ ቦዩን እንዳልነበር አደረገው። የቦዩ ኩባንያ ከሰረ፤ የወሰደው ማን ሆነ? ያው ባቡሩ። በ1924 ሌላ ጎርፍ መጣና የጀልባው ሥራ ጨርሶ ቆመ። በ1938 የፌዴራል መንግሥት ገዛው። በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ሁለተኛው ውሃ ከውስጥ የሚገባው ነው። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ከውጭ የምናየው ጥርብ ድንጋይ ልብሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ጠጠርና ያልተጠረበ ድንጋይ በማልታ የተሞላ ነው። ቦዩ ከተተወ በኋላ ገንዳውን የሚጠብቅ ሰው የለም። ዝናብ ይገባል፣ ማልታውን እያጠበ ያወጣል፣ ክፍተት ይፈጥራል። የዛፍ ሥር ይከተላል። ሜሪላንድ ክረምቱ ይቀዘቅዛል፣ ይቀልጣል፣ መልሶ ይቀዘቅዛል። ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ግድግዳው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሆዱን ይነፋል።

ሁለቱ ውሃዎች በጁን 1972 ተገናኙ። አግነስ የሚባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ድልድዩን ክፉኛ ጎዳው። መሐንዲሶች በብረት ዘንግና በብረት ማቀፊያ አሰሩት። ወገቡ እንደተሰበረ ሰው በቀበቶ ታጥቆ ወደ ሠላሳ ዓመት ቆየ። የድሮ ፎቶዎቹን ያየ ሰው ያሳዝነዋል።

ያንን ቀበቶ ለመረዳት እህቶቹን ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ ወደ ታች ያለው የሴኔካ ድልድይ በ1971 ጎርፍ ከሦስቱ ቅስት አንዱን አጣ። ወደ ላይ ያለው ካቶክተን በ1973 ከሦስት ቅስት ሁለቱ ተናዱ። አጎቴ በእጃቸው ያሳዩኝ ነገር ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው የሚደገፍበት ያጣል። ዊልያምስፖርት ያለው ኮኖኮቺግ ደግሞ ገና ቦዩ ሥራ ላይ እያለ፣ በ1920፣ አንድ ጎኑ ተደረመሰና ጀልባውን ከነውሃው ወደ ወንዙ ደፋው። ሞኖከሲ ሰባቱንም ይዞ ቆመ።

በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ድርጅት በአገሩ ሁሉ እጅግ አደጋ ላይ ካሉት አሥራ አንድ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የቦዩ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ ማሰባሰብና ደጅ መጥናት ጀመረ። ኮንግረስ በጀት ሰጠ። እድሳቱ በ2005 ሲያልቅ 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ቀበቶው ተፈታ። ዋናው ሥራ ዓይን የማያየው ነው፤ የሆዱን ክፍተት በማልታ መሙላት፣ መጋጠሚያዎቹን እንደገና መሥራት፣ ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ መከላከል።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ውሃ አልመለሱበትም። ኮኖኮቺግ በ2019 ታድሶ ውሃ ገብቶበታል፤ ጀልባ እንደገና ተሻገረበት። ሞኖከሲ ግን ደረቅ ነው። ሰው በብስክሌት ያልፍበታል፤ አብዛኛው ድልድይ ላይ መሆኑን እንጂ ቦይ ላይ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። ይሄን ለአጎቴ ስነግራቸው አልተስማሙም።

«ስንት ዓመቱ ነው አልክ?»

«ወደ ሁለት መቶ እየተጠጋ ነው።»

«እንግዲያ ተወው ይረፍ። ሽማግሌ ውሃ አይሸከምም።»

ከመሄዳችን በፊት አንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። ቅርብ ያለውን ቅስት ከሥሩ ቆመው ሆዱን አዩት። ድንጋዩ መሃል አንዲት ነጭ መስመር እንደ ሻማ ቀልጣ ወርዳለች። ከማልታው የታጠበ ኖራ ነው። በጣታቸው ነኩት፣ ደባበሱት፣ ጣታቸውን አዩ። ደረቅ ነው።

«የድሮ ይሁን የአሁን አይታወቅም» አሉ። መኪናው ጋ እስክንደርስ ዝም አሉ። ቀበቶ እያሰርን «ዝናብ የጣለ ማግስት መልሰህ ታመጣኛለህ» አሉኝ። «ያኔ ነው የሚለየው።»